ቃል ብሸመድድም ስጽፍ አይመጣልኝም፣ እንግሊዝኛዬን ከዚህ በላይ እንዴት ላሳድገው?

ጣና_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ፣ አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ ቴሲሴ ስለ እምቦጭና ስለ ጣና አሳ አጥማጆች ነው። እንግሊዝኛዬ መጥፎ ሚባል አደለም፣ ሃይስኩል ከገባን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፣ ሌክቸር ይገባኛል፣ አርቲክል አነባለሁ፣ ሰው ቢያወራኝም እመልሳለሁ። ግን ከዛ አላልፍ አለኝ። ስጽፍ ሚመጡልኝ ቃላት ያው የ10ኛ ክፍል ቃላት ናቸው፣ "ቢግ ፕሮብለም"፣ "ቬሪ ኢምፖርታንት"፣ "ሜኒ ፒፕል"፣ በቃ እነሱው። አማካሪዬ ድራፍቱን ሲመልስልኝ ዳር ዳሩን "ቃሉ ይቀየር፣ ቃሉ ይቀየር" እያለ ሞልቶልኛል፣ ልክ ነው ግን በምን ልቀይረው ነው የጨነቀኝ።

ስልኬ ላይ የከባድ ቃላት ዝርዝር አውርጄ ማታ ማታ እየሸመደድኩ ነው። "ሉጉብሪየስ"፣ "ኦብሲክዊየስ"፣ "ፐርስፒኬሸስ" ምናምን የሚሉ ናቸው። ትርጉማቸውን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፣ ግን አንዱንም ቴሲሱ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፣ የሚገቡበት ቦታ ያለም አይመስለኝም። በዛ ላይ ደሞ አርቲክል ላይ ሳየው "አዎ ይሄን አውቀዋለሁ" የምለው ቃል ራሱ እኔ ስጽፍ ድራሹ ይጠፋል፣ ተመልሼ "ቢግ" እላለሁ።

ቴሲሱን ስጨርስ ለስኮላርሺፕ አይኤልትስ ልፈተን አስቤያለሁ ስለዚ ለሁለቱም ሚሆነኝን ብትነግሩኝ። ዝርዝሩን ልቀጥልበት ወይስ ልተወው? በጠቅላላው ስንት ቃል ነው ሚያስፈልገው? ደሞ ዳታ ሁሌ ስለማይኖረኝ ያለ ኢንተርኔት ሚሰራ ነገር ካለ ጠቁሙኝ። አመሰግናለሁ።

ካርድ_ሰሪ፦

እህቴ መጀመሪያ ዝርዝርና ዝርዝር እንለይ። እነ ሉጉብሪየስና ኦብሲክዊየስ የጂአርኢ፣ ማለትም የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስና ለፒኤችዲ መግቢያ ሚጠይቁት ፈተና ቃላት ናቸው። ጂአርኢ ላይ ባዶ ቦታ ያለው አረፍተ ነገር ያመጣልሽና ከ6 አማራጭ ውስጥ አረፍተ ነገሩን ተመሳሳይ ትርጉም ሚያሰጡትን 2 ቃላት ምረጪ ይልሻል፣ እዛ ፈተና ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዝርዝሩ ግዴታ ነው፣ እኔም አሁን ማጠናው እሱን ነው። ላንቺ ግን አሁን አያስፈልግሽም።

አንቺ ምትፈልጊው አካዳሚክ ዎርድ ሊስት ሚባለውን ነው። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ናት በ2000 ያወጣችው። ምን አደረገች መሰለሽ፣ ከአርትስ ከኮሜርስ ከህግና ከሳይንስ ወደ 3.5 ሚሊዮን ቃል ሚሆን የዩኒቨርሲቲ ጽሁፍ ሰበሰበችና ሁሉም ሰው ሚያውቃቸውን 2,000 የተለመዱ ቃላት አውጥታ፣ ከቀሩት ውስጥ በሁሉም ትምህርት ደጋግመው ሚመጡትን ለየች። 570 የቃል ቤተሰብ ወጣ። ቤተሰብ ሲባል አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊስት፣ አናሊቲካል አንድ ላይ እንደ አንድ ነው ሚቆጠሩት። እነዚህ 570ዎቹ ብቻቸውን ከአንድ አካዳሚክ ጽሁፍ ወደ 10 በመቶውን ይይዛሉ፣ ማለትም ከምታነቢው ከ10 ቃል አንዱ እነሱ ውስጥ ነው። በ10 ክፍል ተከፍሏል፣ በጣም ሚደጋገሙት 1ኛው ክፍል ላይ ናቸው፣ "አሰስ"፣ "አሹም"፣ "ኮንስቲቲዩት"፣ "ሲግኒፊካንት" ምናምን። አንቺ ማስተርስ ደርሰሽ አብዛኞቹን ስታያቸው ታውቂያቸዋለሽ፣ ስለዚ ከላይ እስከ ታች አትሸምድጂ፣ ዝርዝሩን አውርጂና በራስሽ ጽሁፍ ላይ ተጠቅመሽባቸው የማታውቂያቸውን ብቻ አክብቢ። የቤት ስራሽ እሱ ነው።

ለማጥናት አንኪ ሚባለውን አፕ ጫኚ፣ አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው አይፎን ላይ ይከፈልበታል፣ አንዴ ካወረድሽው ያለ ዳታ ይሰራል። ፊቱ ላይ ጥያቄ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ ትሰሪያለሽ፣ ያወቅሽውን ካርድ እያራቀ፣ የሳትሽውን ቶሎ ቶሎ እያመጣ ይጠይቅሻል። ሀሳቡ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው፣ ኤቢንግሀውስ ሚባል ጀርመናዊ በ1885 ራሱ ላይ እየሞከረ ሰው የተማረውን መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚረሳና ከዛ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ጽፏል፣ ስለዚ ክለሳው መጀመሪያ ላይ ቀረብ ቀረብ ከዛ ራቅ ራቅ ማለት አለበት። መብራት ከሌለና ስልኩ ከዘጋብሽ ደሞ በወረቀት ይሰራል፣ ላይትነር ሚባል ጸሐፊ በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ የጫማ ካርቶን 5 ቦታ ትከፍይዋለሽ፣ አዲስ ካርድ ሁሉ 1ኛው ክፍል ይገባል፣ ካወቅሽው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ ከሳትሽው የትም ይድረስ ወደ 1ኛው ይመለሳል፣ 1ኛውን በየቀኑ ታዪዋለሽ የመጨረሻውን አልፎ አልፎ። በቃ ይሄው ነው።

ፖሊ_ሰፈር፦

ኧረ አታስጨንቋት። ካርድ ምናምን ጊዜ መፍጀት ነው፣ እንግሊዝኛ ፊልምና ፖድካስት በብዛት ማየትና መስማት ነው፣ ቃሉ በራሱ ይገባል። ልጆች ቋንቋ ሚለምዱት በካርድ አደለም እኮ።

መምህር_በላይብረሪ፦

ጣና ዳር፣ እዚሁ ባህር ዳር ሃይስኩል ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ጥያቄሽ ጎበዝ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ሚያነሱት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ካርድ ሰሪ የነገረሽ ዝርዝርም ዘዴውም ትክክል ነው፣ እኔ ምጨምረው ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዛ ጋ ነው።

አንብበሽ ምታውቂው ቃል ስትጽፊ ድራሹ ጠፋ ያልሽው የጭንቅላት ድክመት አደለም። ቃል አይቶ መለየትና ቃልን ከራስ አውጥቶ መጠቀም ለየቅል ናቸው። ስታነቢ ቃሉ ራሱ ፊትሽ አለ፣ ስትጽፊ ግን ያለሽ ሀሳቡ ብቻ ነው። በማየት ያጠናሽው ለማየት ነው ሚያገለግልሽ፣ ለመጻፍ ከሆነ በማውጣት ነው መለማመድ ያለብሽ። ሮዲገርና ካርፒክ ሚባሉ አሜሪካውያን የስነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ተማሪዎቹ አንድ ጽሁፍ ተሰጣቸውና አንዳንዶቹ ደጋግመው አነበቡት፣ ሌሎቹ ደሞ አንዴ አንብበው ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ማታ ማታ ዝርዝሩን ስትደጋግሚ ያወቅሽው ሚመስልሽ ለዛ ነው፣ ለዛች ሰዓት እውነትም ታውቂዋለሽ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ምለፋበት ነው። ቃል ብቻውን አይኖርም፣ የለመደው ጓደኛ አለው። በአማርኛ እንየው፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሰራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል። አማርኛ ሚማር የውጭ ሰው "ዛሬ እንጀራ አፈላሁ" ቢልሽ ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባሻል፣ ግን አማርኛው ገና እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ፣ "ማፍላት" የሚለውን ቃል በደንብ ያውቀዋል እኮ፣ ያላወቀው ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። እንግሊዝኛ ላይ እኛ ምንሰራው ልክ እንደሱ ነው፣ ከባድ ቃል ሸምድደን ከማይሄድ ቃል ጋር እናጋባዋለን፣ አንባቢው ሀሳባችን ይገባዋል ጽሁፋችን ግን ይጎረብጠዋል። ኮሎኬሽን ሚባለው ይሄ ነው።

እስቲ ከራስሽ ርዕስ አንድ ላሳይሽ። "ትሬት" የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ፣ ስጋት ነው። ስለ ጣና እምቦጭ የተጻፈ አርቲክል ክፈቺና ይሄ ቃል ያለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጊ፣ ከፊቱ ያለውን ግስ እዪ፣ አብሮት ያለውን ቅጽል እዪ፣ ከኋላው የመጣውን መስተዋድድ እዪ። "ፖዝ ኤ ሲሪየስ ትሬት ቱ" የሚል ታገኛለሽ፣ አንድ ቦታ ብቻ አደለም ደጋግሞ ይመጣል። ደብተርሽ ላይ መግባት ያለበት "ትሬት ማለት ስጋት" አደለም፣ ያ ሙሉ ሀረግ ነው፣ ግሱም "ቱ" የምትለዋም ሳትቀር። ቀጥለሽ ከኋላው ያለውን በራስሽ ጉዳይ ሙዪው፣ አሳ ሀብት በይ፣ የጀልባ መጓጓዣ በይ፣ ዳር ላይ ያለው ግጦሽ በይ። ካርዱ ፊት ላይ በአማርኛ "እምቦጩ ለአሳ ሀብቱ ከባድ ስጋት ሆኗል" ብለሽ ጻፊ፣ ጀርባው ላይ የእንግሊዝኛውን ሀረግ። ካርዱ ሲመጣ አማርኛውን አይተሽ እንግሊዝኛውን በወረቀት ጻፊ፣ በልብሽ ብቻ አትበዪው። አንድ እንደዚህ ያለ ካርድ ከሃያ "ቃልና ትርጉም" ካርድ ይሻልሻል ብዬ ነው ማምነው።

ሌላው ደሞ ርዕስሽን አትልቀቂ። ብዙ ሰው ቃል ለማሳደግ ዛሬ ስፖርት ነገ ፖለቲካ ከነገ ወዲያ ስለ ህዋ ያነባል፣ እንደዛ ሲሆን ቃሉ አንዴ ይታይና ተመልሶ ሳይመጣ ይረሳል። አንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ጽሁፍ ስታነቢ ግን ቃላቱ ራሳቸው እየተመላለሱ ይመጡልሻል። ስለ ጣና ጥቂት አርቲክል በተከታታይ ብታነቢ "ኢንቬሲቭ"፣ "ኢንፌስቴሽን"፣ "ባዮማስ"፣ "ረንኦፍ"፣ "ሴዲሜንት"፣ "ዌትላንድ" የማይመጡበት የለም። ደሞ ጉዳዩን ታውቂዋለሽ፣ አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንደሆነ፣ ጣና ላይ በ2011 መታየቱ እንደተመዘገበ፣ ከማሳ ታጥቦ ሚገባው ማዳበሪያ እንደሚያፋፋው፣ ይሄን ሁሉ በአማርኛ ስትሰሚው የኖርሽው ነው፣ ስለዚ የማታውቂው ቃል ሲመጣ ከነገሩ ተነስተሽ ትደርሽበታለሽ።

ስንት ቃል ላልሽው፣ ፖል ኔሽን ሚባለው የዚህ ዘርፍ ትልቅ ሰው በ2006 አስልቶታል። ጋዜጣና ልቦለድ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከገጹ 98 በመቶውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለዛ ደሞ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ይፈልጋል። 98 በመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል፣ ግን ከ50 ቃል አንዱን አታውቂም ማለት ነው፣ አንድ ገጽ ላይ 6 ወይ 7 ቃል ይሆናል። ለንግግር ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል ነው ያለው። ፖሊ ሰፈር፣ ፊልሙን አልቃወምም፣ ጆሮ ይከፍታል፣ ለንግግሩም ይጠቅማታል፣ ግን እሷ ምትጽፈው ቴሲስ ነው፣ "ኢንፌስቴሽን"ና "ረንኦፍ" ፊልም ላይ እስኪመጡላት መጠበቅ የለባትም። ልጅ ቋንቋ ሚለምደው ቀኑን ሙሉ በዛ ቋንቋ ተከቦ ለዓመታት ነው፣ እኛ ከክፍል ስንወጣ አማርኛ ነው ምንሰማው።

ዘጌ_ጋይድ፦

የመምህሩን ሀሳብ እኔ ከስራዬ አንጻር ላጠናክረው። አስጎብኚ ነኝ፣ እንግዶችን ከባህር ዳር በጀልባ ይዤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረትንና ሌሎቹን ገዳማት አሳያለሁ። እኛ ስራ ላይ ከፍተኛ ቃል ማለት ረጅም ቃል ማለት አደለም፣ ያንን ነገር ብቻ ሚገልጽ ቃል ማለት ነው።

ለምሳሌ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ስዕል ብዙ ሰው "ፍሬስኮ" ይለዋል። ፍሬስኮ ግን እርጥብ የኖራ ልስን ላይ በቀጥታ ሚሳል ነው፣ የኛዎቹ አብዛኞቹ ሸማ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ ስለዚ ስዕል ሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ "ፍሬስኮ" ካልሽው ወዲያው ይጠይቅሻል። "ፔይንቲንግስ ኦን ክሎዝ፣ ግሉድ ቱ ዘ ዎል" ብትዪ ግን ቀላል ቃል ነው፣ ልክ ነው፣ እንግዳውም ጠጋ ብሎ የሸማውን ጫፍ ማየት ይጀምራል። ብራናም እንደዛው፣ "ኦልድ ፔፐር" ከተባለ ገደል ነው፣ ወረቀት አደለማ፣ "ፓርችመንት" ነው፣ የፍየል ወይ የበግ ቆዳ። ስዕልና ሀረግ ካለው ደሞ "ኢሉሚኔትድ ማኑስክሪፕት" ይባላል፣ እዛ ላይ "ኢሉሚኔትድ" መብራት ማለት አደለም። ስለዚ ምክሬ፣ ከስራሽ ጀምሪ፣ በእጅሽ ምትነኪያቸውን ነገሮች፣ መረቡን፣ የደንገሉን ታንኳ፣ ቀረሶውን፣ አምባዛውን፣ ሁሉንም በትክክለኛ ስማቸው እወቂያቸው፣ ቃሉ ነገሩ ላይ ተለጥፎ ሲቀመጥ አይረሳም።

አንድ ሌላ ነገር ማንም አላነሳውም፣ አነባበቡ። በጽሁፍ ብቻ የተማርነው ቃል አፋችን ላይ ሲመጣ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል እንጫነዋለን፣ እንግሊዝኛ ደሞ አንዱን ነው ሚጫነው። ካርድ ሰሪ የጠራቸውን ቃላት ውሰጂ፣ አናላይዝ ላይ ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፣ አናሊሲስ ላይ ሁለተኛው ላይ ይሄዳል፣ አናሊቲካል ላይ ሶስተኛው ላይ። ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ጫናው ቦታ ይቀያይራል። ቃሉን በትክክል ብትመርጪም ጫናው ከተሳሳተ ፈረንጁ "ሶሪ?" ይልሻል፣ እና አይኤልትስ ስፒኪንግ ምትፈተኚ ከሆነ ከአሁኑ ዲክሽነሪ ላይ ድምጽ ማጉያዋን እየነካሽ አዳምጪና ጮክ ብለሽ ድገሚ፣ ጀልባ ላይ ይሁን መንገድ ላይ፣ ሰው ምን ይለኛል አትበዪ።

ጣና_ዳር፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ መምህር እርስዎ ደሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። አካዳሚክ ዎርድ ሊስቱን አወረድኩት፣ የጂአርኢውን ለጊዜው ዘጋሁት። እርስዎ እንዳሉት ከአርቲክል ላይ ሀረግ እየለቀምኩ አንድ አንቀጽ እንደገና ጻፍኩ፣ እስቲ ይዩልኝ። "ኢዝ ኤ ቬሪ ቢግ ፕሮብለም" ያልኩትን በ"ፖዝስ ኤ ሲሪየስ ትሬት ቱ ዘ ሌክስ ፊሸሪስ" ቀየርኩት። "ቦትስ ካንት ጎ" ያልኩትን "ዘ ማትስ ኢምፒድ ናቪጌሽን" አልኩት፣ ምንጣፍ መስሎ ሚተኛውን "ማት" ብለው ሲጽፉት አይቼ ነው። መጨረሻ ላይ "ዘ ኮሚዩኒቲ ኢዝ ዎርኪንግ ቱ ሚቲጌት ዘ ዊድ" የሚል አለ፣ ህብረተሰቡ ወጥቶ በእጁ ሚያርመውን ለማለት ነው። ይሄኛው ላይ እርግጠኛ አልሆንኩም። ደሞ "ዩትሮፊኬሽን" የሚለውን ቃል እንዴት እንደማስታውሰው ጨንቆኛል፣ በጣም ይጠፋብኛል።

መምህር_በላይብረሪ፦

ጎበዝ! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደተጻፉ ይግቡ፣ "ኢምፒድ ናቪጌሽን" በደንብ የሚሄዱ ናቸው።

ሶስተኛው ላይ መጠራጠርሽ ትክክል ነው። "ሚቲጌት" ሚወስደው ጉዳትን ነው፣ "ኢምፓክት"፣ "ኢፌክትስ"፣ "ሪስክ" ከሚሉት ጋር ነው ሚሄደው፣ ትርጉሙ የከፋውን ነገር ማለዘብ ነው። አረሙን ራሱን አታለዝቢውም፣ የአረሙን ጉዳት ነው ምታለዝቢው። አረሙ ላይ ምትሰሪውን ለመግለጽ "ሪሙቭ"፣ "ኮንትሮል"፣ "ኢራዲኬት" አሉልሽ፣ እነሱም አንድ አደሉም። "ሪሙቭ" በእጅም በማሽንም አንስቶ ማውጣት ነው፣ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሚያደርገው እሱን ነው። "ኮንትሮል" እንዳይስፋፋ መያዝ ነው። "ኢራዲኬት" ግን ጭራሽ ዘሩን ማጥፋት ነው፣ እምቦጭ ደሞ ከእናቱ እየተቀጠለ ከመባዛቱ ሌላ ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል፣ ስለዚ አንቺ "ኢራዲኬትድ" ብለሽ ከጻፍሽ እንግሊዝኛው ልክ ሆኖ ሳይንሱ ይሳሳታል። ለዛ አረፍተ ነገር "ማኑዋሊ ሪሙቭ" በቂ ነው፣ "ሚቲጌት"ን ከፈለግሽው ቀጥሎ ስለ ገቢ መቀነስ ስትጽፊ ከ"ኢምፓክት" ጋር አምጪው።

አይኤልትስም ሚመዝነው ይሄንኑ ነው። ራይቲንግም ስፒኪንግም ላይ ከውጤቱ 25 በመቶው ሌክሲካል ሪሶርስ ሚሉት የቃላት አጠቃቀም ነው፣ የባንድ 7 መለኪያቸውን ብታነቢው እምብዛም ያልተለመዱ ቃላትን ከነአጻጻፍ ስልታቸውና ከነኮሎኬሽናቸው መጠቀም ይላል። ቦታው ያልሆነ "ኦብሲክዊየስ" ጣል ማድረግ ነጥብ አያመጣልሽም።

"ዩትሮፊኬሽን" ላልሽው፣ ሳይንስ ላይ ያለ ሰው የግሪኩን ስር ቢያውቅ ይረዳዋል። "ዩ" መልካም ወይም በደንብ ነው፣ "ዩፎሪያ"ና "ዩፈሚዝም" ላይ ያለችው ናት። "ትሮፍ" መመገብ ነው፣ "አትሮፊ" ማለት መመገብ ያጣ፣ የከሳ፣ የሟሸሸ አካል ነው፣ "ሃይፐርትሮፊ" ከልክ በላይ የደለበ። ስለዚ ዩትሮፊኬሽን በደንብ መመገብ፣ መወፈር ነው፣ ውሃው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ጠግቦ አረምና አልጌ ሲያበቅል። ስሩን ካየሽው በኋላ ረጅምነቱ አያስፈራሽም። ግን ሁሉንም ቃል በስር ልፍታ አትበዪ፣ የዕለት ተዕለቱ ቃል ላይ ስሩ አንዳንዴ ወደማይሆን ቦታ ይወስድሻል፣ ለሳይንስ ቃላት ግን ውለታው ከፍ ያለ ነው።

ፖሊ_ሰፈር፦

መምህር ተቀብያለሁ፣ የቴሲስ ቃል ፊልም ላይ አይገኝም እሱ ልክ ነው። ግን ጣና ዳር፣ ለስፒኪንጉ ከምርሽ አድምጪ፣ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ 6 ደቂቃ ሚሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ ዋይፋይ ያለበት ስትሄጂ ብዙ አውርደሽ ያዢ፣ ጽሁፋቸውም አብሮ ስለሚወርድ ሰምተሽ ያልያዝሽውን በጽሁፉ ታረጋግጫለሽ። አካባቢና ውሃ ላይ የተሰሩትን ምረጪ፣ መምህሩ ርዕስሽን አትልቀቂ ካሉሽ ጋር ይሄዳል።

ጣና_ዳር፦

እሺ ፖሊ ሰፈር፣ አወርዳለሁ። መምህር የመጨረሻ ጥያቄ፣ ካርዱ ላይ አማርኛ ብጽፍ ችግር የለውም? ሃይስኩል እያለን አማርኛ ትርጉም መጻፍ ክልክል ነበር፣ በእንግሊዝኛ አስቡ ነበር ሚሉን። ደሞ የትኛውን ዲክሽነሪ ልጠቀም፣ አሁን ያለኝ እንግሊዝኛ አማርኛው ብቻ ነው።

መምህር_በላይብረሪ፦

አማርኛው አይከለከልም። ቃሉን መጀመሪያ ስትተዋወቂው አማርኛው በአንዴ ያስገባሻል፣ ለምን በጨለማ ትዳክሪያለሽ። ሀረጉን ከራስሽ ለማውጣትም እንዳልኩሽ የአማርኛው አረፍተ ነገር ጥሩ መነሻ ነው። ብቻ እንግሊዝኛ አማርኛው ዲክሽነሪ "ሪሙቭ"ንም "ኢራዲኬት"ንም "አስወገደ" ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል፣ ልዩነታቸውን አይነግርሽም። ለዛ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ዲክሽነሪ ያስፈልግሻል፣ የኦክስፎርዱ፣ የካምብሪጁ ወይ የሎንግማኑ፣ ሶስቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ፣ የወረቀቱን ካገኘሽ ደሞ አሮጌ እትም ቢሆንም ይዢው፣ ቃላቱ አልተቀየሩም። እነዚህ ከሌላው ዲክሽነሪ ሚለዩት ትርጉሙን ሚጽፉት በተወሰኑ ቀላል ቃላት ነው፣ ሎንግማን በ2,000 አካባቢ ቃላት ብቻ ነው ሁሉንም ሚፈታው፣ ስለዚ ትርጉሙን ለመረዳት ሌላ ዲክሽነሪ አትፈልጊም። ኦክስፎርዱ ላይ ደሞ ከቃሉ አጠገብ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ1 (ከፍተኛ) ደረጃ ተጽፎ ታያለሽ፣ ቢ2ና ሲ1 ያለባቸውን ቅድሚያ ስጪያቸው፣ ደረጃሽ እዛ አካባቢ ነው።

ቃሉን ስትከፍቺ ከትርጉሙ ስር ያሉትን ምሳሌዎች ሳታነቢ አትዝጊው፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ ሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው፣ ካርድሽ ላይም ሚገለበጠው ከዛ ነው። የቀረውን አንቀጽ ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።